የኔ እጅ አይደለም ያልኩት ቀበቶ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልነግራችሁ ነው። ለምን እናንተን እንደመረጥኩ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ግን በጠላም በአረቄም ስንት ጊዜ ተፈትኜ ይህችን ነገር አላወጣኋትም። ሰክሬ ሚስቴን ሰድቤያለሁ፣ ከጎረቤት ተጣልቻለሁ፣ የማይነገር ተናግሬ በማግስቱ አፍሬያለሁ። ይህችን ግን አልተናገርኩም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው አፌ አምልጦኝ አይደለም። አስቤበት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው።

ነገሩ አጭር ነው። በደርግ ጊዜ አንድ ሰው ቀበቶውን ፈትቶ በፊቴ ቆመ። ቀበቶው ከጠመንጃ ማንገቻ የተቆረጠ ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ዘለበቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ። «የማን እጅ ነው?» ተብዬ ስጠየቅ «የኔ እጅ አይደለም» አልኩ። ሰውየው አበልጄ ነበር፤ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ሰው። በዚያች ቃል ምክንያት ተወሰደ፤ አልተመለሰም።

ይኸው ነው። እዚህ ላይ ማቆም የፈለገ ያቁም። የሚቀጥል ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፤ «ዘመኑ ነው ያደረገው» የምትባለዋን ቃል ከኔ አፍ አይሰማም። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ እሱን ማን ካደ? ነገር ግን ያን ቀን ቀበቶውን በእጁ ይዞ የዋሸው ዘመኑ አይደለም። እኔ ነኝ።

ደባርቅ ላይ ኮርቻና ልባብ ሰፊ ነበርኩ። ሙያውን የተማርኩት በንጉሡ ጊዜ ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። የጭነት በቅሎዎች ያሉበት ክፍል ስለተመደብኩ ውትድርናዬን የጨረስኩት ከጠመንጃ ይልቅ ወስፌ ይዤ ነው። የወታደር ቆዳ ሁሉ በእጄ አልፏል፤ ቀበቶው፣ ዝናሩ፣ ማንገቻው፣ የጭነቱ ጠፍር። በአሥር አለቃ ማዕረግ ተሰናብቼ ወደ አገሬ ስመለስ ሰዉ በፊቴ «አሥር አለቃ» ይለኝና ዞር ስል «ፋቂው» ይለኛል። አባቴ አራሽ፣ አያቴ ደብተራ ነበሩ፤ በዘራችን ቆዳ የፋቀ የለም። ቢኖርስ ምን ነበረበት? በኛ አገር ግን ቆዳ የነካ እጅ እንደ እጅ አይቆጠርም። ድግስ ቤት ስገባ መቀመጫዬ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ጠላ የምጠጣባት ዋንጫ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ጠዋት «እባክህ አሥር አለቃ፣ የበቅሎዬ ጀርባ ተላጠ፣ ኮርቻዬን አብጅልኝ» ብሎ የለመነኝ ሰው ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የልጁን ፊት በጋቢው ይሸፍናል። ዓይኔ እንዳይበላበት ነው።

ዘለቀ ከዳባት ወዲህ ባለ መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው። አንድ ሠርግ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ያችን ለብቻዋ የተሰጠችኝን ዋንጫ ከእጄ ተቀብሎ ግማሿን ጠጣ፤ ግማሿን መለሰልኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው አየው። ወንድ ልጅ ስወልድ ክርስትና የሚያነሣልኝ ሰው መፈለግ አላስፈለገኝም ነበር፤ እሱ ራሱ መጥቶ «አርባው መቼ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አበልጆች ሆንን። በአገራችን አበልጅ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ ከሥጋ ወንድም ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እንግዲህ የካድኩት ማንን እንደሆነ እወቁልኝ።

መሣሪያ ያለው ሁሉ ከነሙሉ ትጥቁ ያስረክብ ተብሎ የተለፈፈ ጊዜ ዘለቀ ምንሽሩን አንግቶ መጀመሪያ ወደ ሱቄ መጣ።

«አበልጄ፣ ጠመንጃውን እሰጣለሁ» አለኝ። «የመንግሥት ነው ካሉ የመንግሥት ይሁን። ማንገቻውን ግን አልሰጥም። አባቴ በጣሊያን ጊዜ ትከሻው ላይ ያዋለው ነው። ሲሞትም ለቅሶው ላይ ከጠመንጃው ጋር ከፍ ተደርጎ የታየ ነው። ቀበቶ አድርግልኝና ወገቤ ላይ ይዋል።»

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ማንገቻውን ሰጥቶ ጠመንጃውን ይደብቃል። የኛ ሰው ግን ገዳዩን ብረት አስረክቦ አንዲት ክንድ ቆዳ ይደብቃል። ይህን ሞኝነት የምንሠራ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ታዲያ እኔ የወታደር ቤት ሰው፣ ከነሙሉ ትጥቁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው ሰው፣ «ተወው አበልጄ፣ ጣጣ ያመጣል» ማለት አልነበረብኝም? ነበረብኝ። አላልኩም። «የኔን እጅ ማንም አይለየውም» አልኩት። በሥራዬ መመካቴ ነው።

ማንገቻውን ሱቄ አስቀምጦ ጠመንጃውን ሲያስረክብ አብሬው ሄድኩ። «ባዶ እጄን ስመለስ ብቻዬን አልሁን» ብሎ ለመነኝ። ተረካቢው «ማንገቻውስ?» ሲለው «ተበጥሶ ጣልኩት» አለ። ተረካቢው ጠመንጃውን ከክምሩ ላይ ጣለና «ቀጥል» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ያን ቀን ወረቀት የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ዘለቀ ሲያስረክብ አጠገቡ ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ። ተረካቢውም ቆይቶ ወደ ግንባር ዘመተና ወሬው ጠፋ።

ማንገቻን ቀበቶ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ማንገቻ ከወገብ ቀበቶ ይጠባል፤ ክብደት ሲጎትተው የኖረ ስለሆነም ወገብ ላይ አልታጠፍ ብሎ ያስቸግራል። ከጠመንጃው ቀለበት ጋር ሲፋተግ የኖረበት ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ እጥፋት ይቀራል፤ ያችን እጥፋት እሳትም ውሃም አያጠፋትም። እኔ እጥፋቷን ከዘለበቱ ሥር እደብቃታለሁ። የስፌት መኪና የሰፋውን ክር ፈትቼ በዚያው ቀዳዳ በእጄ እመልሳለሁ። አዲስ የተቆረጠው ጠርዝ ነጣ ብሎ ስለሚያጋልጥ በጥላሸትና በቅቤ አሸዋለሁ፤ ከዚያ የድሮ የአህያ ጠፍር ይመስላል። የዘለቀን እንዲህ አድርጌ ሠራሁለት። ስጨርስ እኔም ራሴ አደነቅሁት።

የሱን ብቻም አይደለም። ማንገቻውን ደብቆ የሚያመጣ ሰው በዛ። ለሁሉም ሠራሁ። ዋጋም ተቀበልኩ፤ ለዘለቀ ብቻ በነፃ ነው።

በዓመቱ ደባርቅ አዲስ አዛዥ መጣ። ወጣት ነው፤ አይጮኽም፤ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን ያያል። በዚያን ጊዜ ወደ ቆላ ወርዶ ጫካ የገባው ሰው በዝቶ ነበር፤ መሣሪያም በየዋሻው ተደብቋል ይባል ነበር። አዛዡ የእጅ ሙያተኞችን ሰበሰበና «ማንገቻ ያለው ሰው ጠመንጃ አለው። ማንገቻውን ቆርጦ ቀበቶ ያደረገም ጠመንጃውን የቀበረ ነው። የወታደር ቆዳ የሚለይልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልጠቆመኝም። ማንም በስሜ አልጠራኝም። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ መሬት መሬት ሲያዩ እኔ እጄን አወጣሁ። ለምን? አንድ ምክንያት ለራሴ ሰጥቼ ነበር፤ «እኔ ከሆንኩ የሠራኋቸውን አሳልፋለሁ፣ ሌላ ሰው ከሆነ ግን ይያዛሉ» የሚል። ሰበቡ ያምራል፤ ውሸትም አይደለም። ዋናው ግን እሱ አልነበረም። ዋናው ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት «ጎበዝ፣ ወደዚህ ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ» መባሌ ነው።

«ሱቅህ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አልሠራሁም፤ የሚያሠራም አልመጣብኝም» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ኬላው ላይ እቆማለሁ። ከዳባት የሚመጣው፣ ከደረስጌ፣ ከበየዳ የሚመጣው ሁሉ በፊቴ ያልፋል። «ቀበቶህን» እላለሁ። ሰውየው ይፈታል። በአንድ እጁ ሱሪውን ይይዛል፣ በሌላው ቀበቶውን ይዘረጋልኛል። የልጁን ፊት ከኔ ይሸፍን የነበረው ሰው፣ ዋንጫዬን ለብቻዋ ያስቀመጠው ሰው፣ ሱሪውን ይዞ ከፊቴ ቆሞ «ጌታዬ» ይለኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ በልቻለሁ። ጉቦ አልበላሁም። የበላሁት የሰውን ሐፍረት ነው፤ ጣፈጠኝም። ቀበቶውን ለማየት የሚበቃኝ ጊዜ ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን ሆን ብዬ አገላብጬ፣ አሽትቼ፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ አቆያቸው ነበር። አስገድደውኝ ነው የምትሉኝ ካላችሁ ይህን አንብቡና ዝም በሉ።

የሌላ ሰው እጅ የቆረጠው ሲሆን አሳልፌ እሰጣለሁ። አብዛኞቹ የደበቁትን አምጥተው ተለቀቁ። የኔ እጅ የቆረጠው ሲሆን «የቆየ ነው፣ ይለፍ» እላለሁ። ሰዎቹ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ያመሰግኑኛል። ምሕረት መሰላቸው። እኔ ግን የማሳልፈው ራሴን ነበር፤ አንዱ ቢያዝ ወደኔ ይመራላ።

አዛዡ ቆዳ መለየት ይወድ ነበር። እየመጣ ከጎኔ ይቆምና ይጠይቀኛል። እኔም አስተማርኩት። ቀለበቱ የፋተገውን ቦታ አሳየሁት። ጠርዙ ጠቁሮ ሲያጠራጥር በጥፍር ቧጨር ማድረግ እንደሚበቃ፣ ቅቤና ጥላሸት ከላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ነጩ ወዲያው እንደሚወጣ ነገርኩት። የገዛ ሥራዬን የሚያጋልጠውን ብልሃት ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ምን ያህል ብልህ እንደሆንኩ እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር።

ዘለቀ የተያዘው በኔ ኬላ አይደለም። ከዳባት በኩል ያለ አንድ ጥበቃ ቀበቶውን አይቶ ተጠራጠረና ቀጥታ ለአዛዡ አመጣው። ጠርተውኝ ስመጣ ግቢው ውስጥ ሰው ቆሟል። ዘለቀ መሀል ላይ ነው፤ በግራ እጁ ሱሪውን ይዟል። ቀበቶው በአዛዡ እጅ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ የጥፍር ጭረት አየሁ፤ ነጩ ወጥቷል።

«ይህ ሰው ጠመንጃዬን አስረክቤያለሁ ይላል» አለኝ አዛዡ። «ተረክቦኛል የሚለው ሰው ደግሞ እዚህ የለም። ሐሰተኛ አይመስለኝም፤ ግን በምን ልመነው? ማንገቻውን የቆረጠለት ሰው ካለና ስለ ጠመንጃው ከመሰከረለት እለቀዋለሁ። ስሙን ጥራ ብለው አልጠራም አለኝ። እስቲ አንተ እየው። የማን እጅ ነው?»

ልብ በሉ። አዛዡ አልዛተብኝም። ሽጉጥ አላወጣም። ሊለቀው የፈለገ ሰው ነበር፤ የሚለቅበት ምክንያት ስጡኝ ነው ያለው። ያችን ምክንያት በአፌ ውስጥ ይዤ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘለቀ ስሜን ቢጠራ ይድን ነበር፤ አልጠራም። እኔ እንድናገር ለኔው ተወልኝ። አየኝ። አልለመነኝም፤ አልጠቀሰኝም። ሰው ዘመዱን በመንገድ ሲያገኝ እንደሚያየው ብቻ አየኝ።

ቀበቶውን ተቀብዬ አገላበጥኩ። ምን የሚገላበጥ አለ? ስፌት ስጨርስ ክሩን ወደ ኋላ መልሼ የምቋጨው እኔ ብቻ ነኝ፤ በጦር ሠራዊት ወስፌ ያስጨበጠኝ ሰው ያስተማረኝ ነው። ቋጠሮዬ አውራ ጣቴ ሥር ነበር። ያን ሰዓት ምን አሰብኩ? ስለ ሞት ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። ሞት ባስፈራኝ እንዴት በወደድኩ፤ ለመናገርም ይቀል ነበር። «የኔ ነው» ብል አልሠራሁም ብዬ የተናገርኩት ሐሰት ሊወጣ ነው። ያሳለፍኳቸው ሁሉ ሊጠሩ ነው። ኬላው ሊቀርብኝ ነው። ዓይኔ ላይ የመጣችው ከበሩ አጠገብ ያለችው መቀመጫዬ ናት። ወደሷ አልመለስም አልኩ በሆዴ። ከአበልጄ ነፍስና ከመቀመጫ፣ መቀመጫ መረጥኩ።

«የኔ እጅ አይደለም» አልኩ። ይህ ሳያንሰኝ ደግሞ ጨመርኩ። «በቅርብ የተቆረጠ ነው። የቆላ ሰው ሥራ ይመስላል።»

አዛዡ ወደ ዘለቀ ዞሮ «ሰማህ? ምን ትላለህ?» አለው።

ዘለቀ «አበልጄ እንዳለው ነው» አለ።

አዛዡ ደነገጠ። «አበልጅህ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩ። ፊቱ ተለወጠ። ያ ሐሰተኛ አይመስለኝም ያለው ሰው ያን ጊዜ ቃሌን አመነ። አበልጅ ለአበልጁ ሊዋሽ ይችላል፤ በአበልጁ ላይ ግን የሚዋሽ ሰው አይቶ አያውቅም። እጄን ጨበጠኝ። ሰዉ እየሰማ «ወገን ሳይለይ እውነት የሚናገር እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው» አለ። ሌላ ሰው ሆኜ ቢሆን ኖሮ ይጠራጠሩኝ ነበር። ውሸቴን እውነት ያደረገው ዘለቀ በአርባ ቀኑ የታቀፈው ልጄ ነው።

ወደ ጎንደር ወሰዱት። ክረምቱ አልፎ መርዶው መጣ፤ ሬሳው አልመጣም።

«አበልጄ እንዳለው ነው» ያለው ለምንድን ነው? ሊያድነኝ ነው? ንቆኝ ነው? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት አላምጬዋለሁ። ሊያድነኝ ነው ብል ለሱ ክብር፣ ለኔ መጽናኛ ይሆናል፤ ስለዚህ አልለውም። ንቆኝ ነው ብል ደግሞ የተበደልኩ እመስላለሁ፤ እሱንም አልለውም። እሱ ያወቀውን ይዞ ሄደ።

ሚስቱ እናኑ በመርዶው ሰሞን ወደ ሱቄ መጣች። በኛ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው፣ ልብሱ፣ በቅሎው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ አልቃሿ ያን ከፍ አድርጋ እያሳየች ነው የምታስለቅሰው። የዘለቀ ጠመንጃ የለም። ሬሳው የለም። ቀበቶውም እዚያው ቀርቷል።

«አበልጄ፣ ምን ይዤ ላስለቅስ?» አለችኝ። «አንድ ነገር ይሥሩልኝ። እንደዚያኛው ቀበቶ አድርገው ይሥሩልኝ።»

ሠራሁ። እምቢ ማለት እችል ነበር? እምቢ ብል ታውቃለች ብዬ ፈራሁ፤ ሠራሁት። የወታደር ቆዳ ፈልጌ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ ጠርዙን በቅቤና በጥላሸት አሸሁ፣ ክሩን ወደ ኋላ መልሼ ቋጨሁ። እጄ ሌላ አቋጣጠር አያውቅም። ስሰጣት ቀበቶውን ገልብጣ ቋጠሮው ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

«አንድ እጅ ነው» አለች።

ዓይኗን ከቋጠሮው አላነሣችም። አመስግናኝ ሄደች። ለቅሶው ሜዳ ላይ ቀበቶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይህን አለች፦

ጠመንጃው የት ሄደ ብላችሁ አትጠይቁ፣
ቀበቶው ይበቃል ሥራውን ላወቁ።

ሰዉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ከሁሉ አብልጬ። «ምን ዓይነት አበልጅ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

እንግዲህ ባሏ ማን እንደቆረጠለት ነግሯት ነበር። ማወቋ ከምን ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሆኖም አላጋለጠችኝም። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ የበደለውን እየጠቆመ በሚከስበት ጊዜ እንኳ ስሜን አልጠራችም። ይልቅ እኔ ተመሰገንኩ። ያሳለፍኳቸው ሰዎች ተሰብስበው «አሥር አለቃ ባይኖር አልቀን ነበር» አሉ። በድግስ ላይ ከላይ ያስቀምጡኝ ጀመር። ዋንጫዬም ከሰው ዋንጫ ተቀላቀለች። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ። ምስጋናውን አልመለስኩም፤ ተቀበልኩት።

እናኑ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ቤቴ መጣች። አርጅታለች፤ ከመንደሯ ደባርቅ ድረስ በዱላ እየተደገፈች ነው የመጣችው። ውሃ ሰጠኋት። ተቀመጠች።

«አበልጄ፣ ልቆርብ ነው» አለችኝ። «ከሰው ጋር ያለሽን ሁሉ ጨርሰሽ ነይ ብለውኛል አባ። ጨርሻለሁ። አንድ ብቻ ቀርቶኛል። የሚነግሩኝ ነገር አለ?»

አየኋት። ይቅርታውን አዘጋጅታ ይዛው መጥታለች። እንድጠይቃት ብቻ ነው የፈለገችው። አንዲት ቃል፤ ያች አዛዡ የጠየቀኝ ቃል። አሁን ኬላ የለም፣ አዛዥ የለም፣ እስር ቤት የለም። የሚያስፈራኝ አንድም ነገር የለም። ሚስቴ ሞታለች፣ ልጄ ጎንደር ነው፣ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ታዲያ ምን አልኳት መሰላችሁ?

«ምን ነገር አለ ብለሽ ነው እናኑ፤ ምንም የለም» አልኩ።

ውሃውን ቀስ ብላ ጠጥታ ጨረሰች። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዱላዋን አነሣች።

«እንግዲያ እኔም የምምረው የለኝም ማለት ነው» አለች። በፍልሰታ ጾም አረፈች። ቆርባ ይሁን ሳትቆርብ አላውቅም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም።

ለምን ለንስሐ አባቴ አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። ልንገራችሁ። ብነግራቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል። ቀኖና ይሰጡኛል፣ እሰግዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ያልቃል። እንዲያልቅ አልፈልግም። የሚምረኝ ሰው በዱላ ተደግፎ ቤቴ ድረስ መጥቶ መልሼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ በር ገብቼ ምሕረት አልሰርቅም። እናንተም አትማሩኝ። የመማር ሥልጣን የላችሁም፤ ዘለቀ የናንተ ባል አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ። ልክ ናችሁ። ብቻ «ደግ ሰው ነበር፣ ዘመኑ ነው» እንዳትሉኝ። ስትቀብሩኝም እንዳትሉት።

ታዲያ ለምን ተናገርኩ? በአንድ ሰው ምክንያት ነው፤ እሱም ልጄ ነው። ትንሽ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ «የክርስትና አባትህ ሽፍታ ነው» ብለውት እያለቀሰ መጣ። «አባባ፣ እውነት ጠመንጃ ደብቆ ነው የሞተው?» አለኝ። «እንዲያ ይላሉ» አልኩት። እንዲያ ይላሉ! እንዲያ ያስባልኳቸው እኔ ነኝ። ልጄ በዚያ ነገር አፍሮ አደገ። የገዛ ልጁን ሲያስጠምቅ «ዘለቀ በለው» ያሉት ጊዜ «እሱስ ይቅር» ብሏል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ዝም ብያለሁ።

ልጄ ሆይ፣ ይህን አንብብ። ከፈለግህ አባቴ በለኝ፣ ካልፈለግህ ተወው፤ አልለምንህም። ዘለቀ ጠመንጃውን አስረክቧል። ሲያስረክብ አጠገቡ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ።